በአሸዋ ላይ የተጋገረው ኬክ

ባንዋርላል ልጁ ቤት ሲመጣ የሚጠጣውን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። በእነሱ ዘንድ ሴት ልጁን የዳረ አባት ከዳረበት ቤት እህል ውሃ አይቀምስም፤ የሰጠውን መልሶ እንደ መብላት ይቆጠራል። ዛሬ ግማሹ ሰው ትቶታል፤ ሌላው ደግሞ ሻዩን ፉት ብሎ «እንግዲህ ዘመኑ ነው» ይላል። ባንዋርላል ግን አንዴ የያዘውን የሚለቅ ሰው አይደለም። ልጁን ሱግናን ከዳረ አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እስከ ህንዷ ከተማ ጃይፑር ድረስ ሲመላለስ ከእጇ አንዲት ጉንጭ ውሃ አልተቀበለም።

የዘንድሮው አመጣጡ ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። ምላሱ ላይ ካንሰር ወጥቶበታል። ከአምስት ወር በፊት፣ በሆሊ በዓል ሰሞን፣ ጨረር ሰጥተውት ነበር፤ አልበቃም። ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ገብቶ የምላሱን ግማሽ ይቆርጡታል፤ ያውም እሱ ከፈቀደ ነው። የፈቃዱ ወረቀት አራት ቦታ ተጣጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተቀመጠ ሳምንት አልፎታል፤ እስካሁን ፊርማ አላረፈበትም።

«ጣፋጭ ሠሪ ያለ ምላስ ምን ሊሆን ነው?» ይላል ሲጠየቅ። «ዓይኑ የጠፋ ልብስ ሰፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቅርጫቱን አቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። በማግስቱ የሴቶች በዓል የሆነው ቲጅ ነው፤ በዋዜማው ደግሞ ለተዳረች ልጅ ከአባቷ ቤት ጌቨር ይመጣላታል። ጌቨር እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ በንጥር ቅቤ የተጠበሰ ክብ ጣፋጭ ነው፤ ባንዋርላልም በትንሿ ከተማቸው አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ጌቨር ሲጠብስ የኖረ ሰው ነው። መንገዱ አንድ ነው። ጣፋጭ ከአባት ቤት ወደ ልጅ ቤት ይወርዳል እንጂ ከልጅ ቤት ወደ አባት አይወጣም።

የሱግና አማት ጋውራ ከጌቨሩ ቆረስ አድርገው አፋቸው ከተቱና ማኘካቸውን አቆሙ። ሱግናን በክንዷ ይዘው ወደ ጓዳ ጎተቷት።

«የአባትሽን እጅ ምን ነካው? ቅቤው ሸትቷል።»

«አውቶቡሱ ውስጥ ሞቆት ይሆናል፣ እማዬ።»

«አሥራ አራት ዓመት በዚሁ አውቶቡስ ነው የመጣው። ዘንድሮ ብቻ ነው የሞቀው?»

ሱግና ቀመሰችው። እውነትም ሸትቷል። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል፤ የጋውራን ምላስ ለምዳዋለች፣ እውነት ሲናገር ግን አትችለውም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ቅቤ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ሲደፋ አይታለች። እናቷ «ምን ሆነብህ? ምንም አይሸትም እኮ!» እያለች ስትጮህ፣ «ነገ ይሸታል» ብሎ ነበር የመለሰላት። ያ ሰው ነው እንግዲህ ለልጁ በዓል የሸተተ ጌቨር አቅፎ የመጣው። ሕመሙ አድክሞት ነው ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ልቧ ግን አልተቀበለም።

ሱግና ራሷ የልደት ኬክ እየጋገረች ለሰፈሩ ትሸጣለች፤ ያለ እንቁላል፤ በእነሱ ሰፈር እንቁላል ከደጅ አያልፍም። አባቷ ይህን ሥራዋን ከሥራ ቆጥሮት አያውቅም። «ኬክ ማለት የተኳለ ዳቦ ነው» ይላል። ልጅ ሆና ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ተደብቃ እጁን ስታይ ታድግ ነበር፤ ሲያገኛት ያባርራታል። ሴት ልጅ እንግዳ ናት፣ ሙያ ለእንግዳ አይነገርም ባይ ነው። የነገረው ለወንድ ልጁ ነበር፤ ልጁም ተማረለትና ሄዶ የሞባይል ቀፎ ሻጭ ሆነ።

ለሙገሳ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ደንበኛ ተንበርክኮ እጁን ቢስም፣ የሰርግ ቤት ሁሉ ጣቱን ቢልስ፣ እሱ የሠራውን ቀምሶ የሚለው «ይበላል» ነው። ከዚያ በላይ ብሎ አያውቅም፤ ያንንም ቢሆን በዓመት ሁለቴ ቢል ነው። ሱግና ከብዙ ወራት ጀምሮ የአባቷን ጌቨር ኬክ አድርጋ ለመጋገር ስትሞክር፣ ስታበላሽ፣ እንደገና ስትሞክር ቆይታ በመጨረሻ ተሳክቶላታል። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ያ ምላስ ሳይቆረጥ አንድ ጊዜ እንዲቀምስላት፣ ቀምሶም «ይበላል» እንዲላት። ሐሙስ ካለፈ ያ ቃል ለዘላለም የለም።

ማታውን ለመነችው።

«አባዬ፣ በሞቴ። አንድ ቁራሽ ብቻ።»

«ሞት አታንሺብኝ። ያለኝ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ አፈር ስሆን!»

«አፈር የምሆነው እኔ ነኝ፤ አንቺ ተራሽን ጠብቂ።»

እራቱ የሽምብራ በሶ ነው፤ ከቤቱ ይዞት በመጣው ውሃ በጥብጦ ጨውም ስኳርም ሳያስነካው ፉት ይላል። «ጨው እንኳ ላምጣልህ» ስትለው፣ «ጨውሽም የዚሁ ቤት ነው» አላት። ባሏ ሐሪሽ ከበሩ ሆኖ አየና «ሽማግሌው በሶ ሳይሆን ሲሚንቶ ነው የሚጠጣው» ብሎ በሹክሹክታ ቀለደ። አልሳቀችም።

ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዳፑ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት አሉ። ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ዓይናቸውም በዚያው ደክሟል፤ ጨዋታቸው ግን አልደከመም። ሱግና ነገሩ ድንገት በራላትና ወደ አባቷ ተመለሰች።

«እትዬ ዳፑ ቤት ብጋግረውስ?»

ባንዋርላል ጽዋውን አስቀመጠ።

«ዱቄቱ የማን ነው?»

«የእትዬ ዳፑ።»

«ቅቤው?»

«የእሳቸው።»

«እሳቱስ? የኤሌክትሪክ ምድጃሽን ተሸክመሽ ልትሻገሪ ነው?»

«ምድጃዬ እዚሁ ይቀራል። በእሳቸው ድስት ነው የምጋግረው፣ ከሥሩ አሸዋ አድርጌ።»

«ኬክ? በድስት? በአሸዋ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኬክ ጥያቄ ጠየቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «እጁስ? እጁ የማን ነው?»

«እጁማ ያንተ ነው፣ አባዬ። ከጆንያው ኋላ ሆኜ የሰረቅሁት።»

ባንዋርላል በአውራ ጣቱ ጉንጩን፣ ያንን ያበጠውን ወገን፣ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። «ነገ ከሰዓት ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ከምሽት በኋላ አፌ ምንም እንዳይገባ ብለዋል።»

ጋውራ ከመኝታቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «አልሸሹም ዞር አሉ!» ብለው ለብቻቸው ሳቁ።

በማግስቱ ሱግና ጾመኛ ነበረች። በቲጅ ቀን ሚስት ለባሏ ዕድሜ ትጾማለች፤ ጨረቃ እስክትወጣ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ሐሪሽ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ዕድሜዬ በአንቺ ረሃብ የሚረዝም ከሆነ እስካሁን መቶ ሃምሳ ሳልደርስ አልቀርም» አለና ወደ ሥራው ሄደ። ጋውራ ግን ጉዳዩን በቀልድ አላዩትም። «ማንኪያ ልሰሽ እንዳትገኚ» አሏት። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

እትዬ ዳፑ ድስቱን አጥበው፣ አሸዋውን ነፍተው ጠበቋት።

«በስድሳ ስምንት ዓመቴ አሸዋ ልጠብስ!» አሉ። «ጎረቤት ሲሰማ ድህነት አናቷ ላይ ወጣባት ይላል።»

ሱግና ቅቤውን ከማንም በፊት አሸተተችው። ደህና ነው። በሰፊ ሳህን ላይ አድርጋ በበረዶ ታሸው ጀመር፤ የጌቨር ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ቢጫው ቅቤ በበረዶ ሲታሽ፣ ሲታሽ፣ እንደ ወተት ይነጣል። ጣቶቿ ደነዘዙ። አባቷ በክረምት ጠዋት ይህን ሲያደርግ እጁ ይቀላ ነበር፤ አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማችም። ከነጣው ቅቤ ላይ ዱቄቱን፣ እርጎውን፣ ትንሽም የመጋገሪያ ሶዳ ጨመረች፤ ቀዳዳውን የሚያመጣው እሱ ነው። ስኳር አልነካችም። ጌቨር ራሱ ስኳር የለውም፤ ጣፋጭ የሚሆነው ከወጣ በኋላ በሚፈስበት የስኳር ውሃ ነው።

ሊጡን ለሁለት ከፈለችው፤ አንዱ ለአባቷ፣ አንዱ ለእትዬ ዳፑ። አሸዋው ሲግል የመጀመሪያውን አስገብታ ከደነች። ድስቱ ውስጥ የሚሆነውን ማየት አትችልም፤ ሙቀቱን የሚነግራት ነገር የለም፤ መቅመስም አትችልም። ያላት አፍንጫዋ ብቻ ነው። የተከናነበችበት ጨርቅ በላብ ራሰ። ኬኩ መሐሉ ቢወድቅስ? ነገ ሐሙስ ነው፤ ሌላ ሙከራ የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ፤ ድስቱ በቁመትሽ አይፈራም» አሉ እትዬ ዳፑ።

አልወደቀም። ሲወጣ ላዩ ወርቃማ፣ ሆዱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ወጣ። ሱግና የስኳሩን ውሃ በሄልና ቢጫ በሚያቀልመው ሳፍሮን አፈላች፤ ጠብታውን በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሐል ይዛ ስታላቅቅ አንድ ክር ሳበ። ያኔ አወጣችና በአባቷ ኬክ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ እየጠጣ፣ እየጠጣ ቢጫ ሆነ። የእትዬ ዳፑን ደረቁን ተወችው።

«ሲበርዱ በሁለቱም ላይ ወተቱን ይቀቡልኝ» አለቻቸው፤ እስኪወፍር የተንተከተከ ወተት ነው፣ ያለ ስኳር። «ከላይ የተከተፈውን የፒስታቺዮ ለውዝ ይበትኑ። የአባዬ በመስኮቱ በኩል ያለው ነው።» ተጣጥባ፣ ለበዓሉ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ፣ አባቷን ልታመጣ ተሻገረች።

ባንዋርላል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጣ። እንደ ሙሽራ ቤት እንግዳ በእትዬ ዳፑ አልጋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ወረቀቱ ከቀየረው ሸሚዝ ወደ አዲሱ ኪስ ተዛውሯል፤ ጫፉ ይታያል። እትዬ ዳፑ በሣህን አቀረቡለት። ማንኪያውን አነሳ፣ ቆረሰ፣ አፉ ከተተ። በደኅናው ወገን ቀስ ብሎ አላመጠ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሱግና በሩን ተደግፋ ቆማ እጆቿን በልብሷ ጫፍ ጠቀለለች። ልጅ ሆና እንኳ እንዲህ ፈርታው አታውቅም።

«ወይ ጉድ!» አለ ባንዋርላል። «ማር ነው፣ ማር! ስኳሩ ደግሞ ልኩን አግኝቷል፤ አንድ ክር ነው አይደል? በዕድሜዬ እንዲህ የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም። የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ።»

ሱግና መደሰት ነበረባት። ግን አባቷ እንዲህ አይናገርም። ለራሱ እናት እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ዓይኗ ወደ ሣህኑ ወረደ። የተቆረሰው ጎኑ ነጭ ነው፤ ደረቅ፣ ፍርፍር ያለ፤ የሳፍሮኑ ቢጫ የለም። ቀና ስትል ቢጫው ኬክ ጠርዙ እያብለጨለጨ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እትዬ ዳፑ የራሳቸውን ነው ያቀረቡለት።

ወዲያው ሁሉም ነገር ተያይዞ መጣባት። የሸተተው ቅቤ። ጨው የሌለው በሶ። «ያለኝ ይበቃኛል»። ልማድ ነው እያለ አልቀምስም ያለው ነገር ሁሉ። ዛሬ የአሥራ አራት ዓመት ልማዱን አላልቶ መንገድ የተሻገረው ሊቀምስ አልነበረም፤ መቅመስማ አይችልም። ለእሷ ሲል ነው የመጣው። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

አርባ አምስት ዓመት የደንበኛ ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው የልጁን ፊት ማንበብ አያቅተውም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ሱግና።»

ልትዋሽ ፈለገች። ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱ የዋሸላትን ያህል ልትዋሽለት። ግን ያንን የቅቤ ቆርቆሮ አስታወሰች።

«እሱ የእትዬ ዳፑ ነው፣ አባዬ። ስኳር የለውም።»

እትዬ ዳፑ ግንባራቸውን መቱ። «እኔ ልደፋ! ይህ ዓይኔ! ይህ የተረገመ ዓይኔ!»

ባንዋርላል ሣህኑን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ከሆሊ ወዲህ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጨረሩ ወዲህ። ስኳሩም፣ ጨውም፣ በርበሬውም አንድ ነው። አፌ ውስጥ ጭቃ ነው ያለው፤ አፍንጫዬም ደንዝዟል። ለማንም አልተናገርሁም። በእጄ ነው የምሠራው፤ በዓይኔ። እጄ ያውቃል ብዬ ነው።» ሣህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ትናንት ያመጣሁት ጌቨርስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ቅቤው ሸትቷል።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከሆሊ ወዲህ ከሱቁ የወጣውን ሁሉ፣ የሰርጉን፣ የልደቱን፣ የቤተ መቅደሱን፣ አንድ በአንድ የሚያየው መሰለ። ሱግና በመናገሯ ልቧ ተሰነጠቀ፤ ግን መልሳ አልወሰደችውም።

ባንዋርላል ተነሳ። መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ቢጫውን ኬክ ራሱ አወረደው። አሸተተው፤ ትርጉም የሌለው ማሽተት፤ የቆየ ልማድ ስለሆነ ብቻ። በጣቱ ጫን አደረገና ተመልሶ ሲነፋ አየው። ከዚያ በማንኪያ ቆርሶ ወደ ልጁ አፍ ዘረጋው።

«ቅመሺልኝ።»

«ጾም ነኝ፣ አባዬ። ጨረቃ አልወጣችም።»

«አውቃለሁ።»

ማንኪያውን አልመለሰውም። እትዬ ዳፑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔ እንደሆነ ዓይኔ አያይም» አሉ።

ሱግና ሐሪሽን አሰበችው፣ መቶ ሃምሳ ዓመቱን። ይቅር ይለኛል አለች። አማቷን አሰበች፤ እሳቸው ይቅር አይሉም። አፏን ከፈተች።

ጉሮሮዋ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደርቆ ስለነበር ጣፋጩ እስከ ጆሮዋ ተሰማት። አላመጠች። አባቷ አፏን ነው የሚያየው፤ ልክ እሷ በልጅነቷ የእሱን አፍ ታይ እንደነበረው።

«እ?»

«ሄሉ በዝቷል።»

«ሌላ?»

«የስኳሩን ውሃ ቶሎ አውጥቼዋለሁ። ክሩ ትንሽ መጠንከር ነበረበት።»

«ሌላ?»

«ከሥር የአሸዋው ግለት ነክቶታል። ጥቂት መረር ይላል።»

«ሌላስ?»

ፈለገች። በምላሷ ዞረችበት፣ ቅቤውን፣ ወተቱን፣ ሳፍሮኑን ለየብቻ ፈተነች። አላገኘችም።

«ሌላ የለም» አለች። «ይበላል።»

ባንዋርላል ቃሉን ሰማው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ በደኅናው ወገን ብቻ። «ይበላል» ብሎ ደገመው። ማንኪያውን ሣህኑ ላይ አኖረ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ከሸሚዙ ኪስ ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ እጥፋቱንም በመዳፉ አለሰለሰ።

«እሜቴ ዳፑ» አለ፣ «መቼም እዚህ ቤት እስክሪብቶ አይጠፋም። የልጄን እንዳልዋስ ነው።»